ያስቀርባል፣ አያስቀርብም

«ልጄ፣ ‹ያስቀርባል› ማለት ምን ማለት ነው?»

ጥያቄው የቀረበልኝ በችሎት አልነበረም፤ በባንክ መስኮት ነው። ቆሰበር እንደ ክረምት ልማዷ ከማለዳ ጀምራ ዝናቧን ስታወርድ በዋለችበት አንድ ቀን፣ ጋቢያቸው የረጠበ አንድ እናት የቁጠባ ደብተራቸውን በመስታወቱ ሥር አሾልከው ሰጡኝ። ያላቸው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ ያንኑ ጥቂት ጠቅልለው ሊያወጡ መጥተዋል። መፈረም ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ በወረቀቱ ላይ ሳሳርፍ፣ «ለባሕር ዳር መሳፈሪያ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። ከዚያም ያንን ቃል ጠየቁኝ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ሲል፣ የበላዩ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ አቤቱታውን ይመለከታል። የሚመረመር ነገር ካላገኘበት «አያስቀርብም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል፤ ካገኘበት ደግሞ «ያስቀርባል» ብሎ መልስ ሰጪው እንዲቀርብ ያዝዛል። እናትየው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ታዲያ እኔን ማን ጠራኝ?» አሉ።

ማንም አልጠራቸውም። የሰሙት ከጎረቤት ነው። መልስ ሰጪው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ልጃቸው በመዝገቡ ላይ «የግል ተበዳይ» ተብላ ተጠቅሳለች፤ እርሳቸው ግን የሉበትም። የልጅቱንም፣ የእናቲቱንም፣ የፍርደኛውንም ማንነት እዚህ አላነሣም። የማነሣው ያን ቀን ከመስኮቱ ማዶ የቀረብኝን ጥያቄ ነው። ገንዘባቸውን ቆጥሬ ሰጠኋቸው፤ የጥያቄያቸውን መልስ ግን እስከ ዛሬ ቆጥሬ አልጨረስኩም።

ውድ አንባብያን፣ ክርክሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በባሕር ዳር አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን እናቷ በተከራየችው ቤት አከራይ ተደፍራ ተገደለች። ሰውየው የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. እናቲቱ በአደባባይ ስትናገር፣ ፍርደኛውም ይግባኝ ማለቱ ሲሰማ፣ አገር ተንቀጠቀጠ፤ ፍትሕ በሚል ጥያቄ ሥር ከ200,000 በላይ ሰዎች ስማቸውን አኖሩ። የሕፃኗን ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን አልደግመውም፤ በዚያ ክረምት ግጥም ጻፊው ሁሉ ደጋግሞ አድክሞታልና። እኔም አንዱ ነበርኩ። «ለእንዲህ ያለ አውሬ ይግባኝ የሚባል በር ይዘጋ» የሚል ግጥም ጽፌ በአንድ የኪነ ጥበብ ምሽት አነበብኩ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። እኔም ፍትሕ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ።

ዛሬ ያንን ግጥም እሽራለሁ። የምሽረው ለአጥፊው ስላዘንኩለት አይደለም። ቁጣችን ሁሉ በበሩ ላይ ሲያርፍ፣ ከበሩ በስተ ጀርባ የሚሠራውን ሥራ ሳናይ መቅረታችንን ስለ ተረዳሁ ነው።

በመጀመሪያ ስለ በሩ። «ይግባኝ» የሚለው ቃል ራሱ ልመና ነው፤ «ጉዳዬ ይግባልኝ» የሚል የተገፋ ሰው ጩኸት። አባቶቻችን ከዳኛ ወደ ዳኛ፣ ከአፈ ንጉሡ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ሲጮኹበት የኖሩት ቃል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 6 ይህንን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፤ «ከአስነዋሪ ወንጀለኛ በስተቀር» የሚል ጭራ አላበጀለትም። ሊያበጅም አይገባም። በሐሰት የተመሰከረበት ሰው አለ፤ በመልክ ተመሳስሎ የተያዘ ሰው አለ፤ ከባዱ የሰው ግድያ እስከ ሞት ሊያስቀጣ በሚችልበት አገር አንድ ችሎት ብቻ ይበቃል ማለት ድፍረት ነው። ሌላም የዘነጋነው ነገር አለ፤ በሩ የሁለት ወገን በር ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ተከሳሹ በጥፋተኝነቱና በቅጣቱ ላይ ይግባኝ እንዲል እንደ ፈቀደ ሁሉ፣ ዐቃቤ ሕግም ነጻ በመለቀቁ ወይም በቅጣቱ ማነስ ላይ ይግባኝ እንዲል ፈቅዷል። እኔ በግጥሜ የዘጋሁት በር የሕፃኗም በር ነበር።

እንግዲህ ክሴ በበሩ ላይ ካልሆነ በማን ላይ ነው? በአንባቢው ላይ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሆይ፣ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ማለት አንባቢ ማለት ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ልጅቱን አይቷታል፤ ስትናገር የት ላይ እንደ ቆመች፣ የትኛውን ጥያቄ ስትሰማ አንገቷን እንደ ደፋች፣ ተከሳሹ ሲያስል እንዴት እንደ ደነገጠች አይቷል። የበላዩ ዳኛ የሚያየው ወረቀት ነው። እዚያ ወረቀት ላይ «ዝም አለች» ተብሎ ይጻፋል፤ የዝምታው ዓይነት ግን አይጻፍም። በእኛ በአዊ ደግሞ ሌላ ድርብርብ አለ፤ ልጅቱ በአዊኛ የተናገረችው በአማርኛ ተገልብጦ ባሕር ዳር ቢደርስ፣ ዳኞቹ የሚያነቡት የትርጉም ትርጉም ነው። ግጥም የሚወድድ ሰው በትርጉም ምን እንደሚፈስስ ያውቃል። እዚህ የሚፈስሰው ውበት ቢሆን ኖሮ በታገሥን፤ የሚፈስሰው እውነት ነው።

መጥፎ ንባብ የሚያደርሰውን ጥፋት ለማየት ወደ አርሲ እንሂድ። በ1993 ዓ.ም. ወይንሸት ዘበነ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ተይዞ የነበረው ጠላፊ በዋስ ሲወጣ ዳግመኛ ጠለፋት፤ አንድ ወር ያህል ይዟት ቆየ፤ በግድ የጋብቻ ወረቀት አስፈረማት፤ እርሷም አምልጣ ወጣች። ስሟን የምጽፈው እርሷ ራሷ በስሟ ቆማ ስለ ተከራከረች ነው። በሐምሌ 1995 ዓ.ም. የሥር ፍርድ ቤቱ ጠላፊውን በ10 ዓመት፣ አራት ግብረ አበሮቹን እያንዳንዳቸውን በ8 ዓመት እስራት ቀጣ። ያ ፍርድ ለብዙ ልጆች የተለኮሰ መብራት ይመስል ነበር።

ዐምስት ወር አልሞላውም። በኅዳር 1996 ዓ.ም. የአርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ዐምስቱንም ለቀቃቸው። ምክንያቱ ምን ነበር? ማስረጃው ድርጊቱ በፈቃድ የተፈጸመ መሆኑን ያሳያል የሚል! እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ አንባቢ እንመልከተው። ሁለት ጊዜ የተጠለፈች፣ አምልጣ የሸሸች፣ ጉዳዩን ከችሎት ችሎት የተከተለች የ13 ዓመት ልጅ፤ የመዝገቡ አንባቢ ግን ከዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ «ፈቃድ» የሚል ቃል አነበበ። ቃሉ በመዝገቡ ውስጥ አልነበረም፤ አንባቢው ከራሱ ቤት ይዞት የመጣው ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ እስከ ሰበር ችሎት ቢደርስም አልተቃናም። በመጨረሻ «ኢኳሊቲ ናው» የተባለው ድርጅትና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይዘውት ወደ አፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ሄዱ፤ ኮሚሽኑም በ2008 ዓ.ም. መንግሥት መብቷን እንደ ጣሰ ወስኖ የ150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት አለ። ከጠለፋው እስከዚያ ቃል ድረስ 15 ዓመት አለፈ። አንዲት ልጅ በአገሯ ችሎት በትክክል ለመነበብ አልታደለችም፤ የተነበበችው ከአገር ውጭ ነው።

«ያ ዱሮ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ደፍኗል። የዛሬው ሕግ ከ13 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ ግብረ ሥጋ የፈጸመን በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይቀጣል፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ የፈጸመን በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ይቀጣል። ድርጊቱ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ሲያስከትል እስከ ዕድሜ ልክ የሚያደርስ ድንጋጌም አለ። ሕጉ ጥርስ አለው። ነገር ግን ጥርስ ያለው ሕግ የሚነክሰው በአንባቢው መንጋጋ ነው።

ቁጥር የሙያዬ ነውና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ልጅቱ 12 ዓመቷ ነው ከተባለ የቅጣቱ መነሻ 13 ዓመት ነው፤ 14 ዓመቷ ነው ከተባለ መነሻው 3 ዓመት ይሆናል። ሁለት የዕድሜ ዓመት ዐሥር የእስር ዓመት ትመዝናለች። ዕድሜዋን የሚናገረው ምንድር ነው? የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ ከዚያ በፊት በገጠር ለተወለደች ልጅ ያለው ማስረጃ የእናት ቃል፣ የክርስትና ቀን ትዝታ፣ ወይም ሐኪም በግምት የሚጽፋት አንዲት መስመር ነው። እንግዲህ የይግባኝ ክርክር የሚጎርፈው በዚያች መስመር ላይ ነው። «ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ስለ መሆኗ በቂ ማስረጃ አልቀረበም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ወንጀሉን ከአንድ አንቀጽ አንሥቶ ወደ ሌላው ይወረውረዋል።

ከዚህም የከፋ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። ይህን ጥሶ ሕፃን ያገባ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ይቀጣል፤ ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ከ3 ዓመት በማይበልጥ፣ ከ13 በታች ከሆነች ከ7 ዓመት በማይበልጥ እስራት። ልብ በሉ፤ ያለ ዳስ የተፈጸመው ድርጊት ከ13 ዓመት ይጀምራል፤ ዳስ ተጥሎለት፣ ጠላ ተጠምቆለት፣ ሽማግሌ ተቀምጦለት የተፈጸመው ከ7 ዓመት አይዘልልም ብሎ የሚከራከር ሰው በር ተከፍቶለታል ማለት ነው። ለልጅቱ አካል የዳሱ ቅጠል ምን ይፈይድላታል? ለዚህ ክርክር ጆሮ የሚሰጥ የይግባኝ ዳኛ፣ የወይንሸትን ጠላፊ ካስለቀቀው አንባቢ በምን ይለያል?

አሁን ደግሞ ወደ ቅጣቱ ስሌት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባወጣው የተሻሻለው የወንጀል ቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ቅጣት በደረጃና በእርከን ይሰላል፤ ማክበጃ ሲገኝ እርከኑ ይወጣል፣ ማቅለያ ሲገኝ ይወርዳል። እኔ ስሌትን አልጠላም፤ ከዳኛ ስሜት ይልቅ የተጻፈ ስሌት ይሻላል። የምጠላው ስሌቱ ውስጥ የሚገባውን ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ተከሳሹ የቤተሰብ አስተዳዳሪ በመሆኑ»። በሕፃን ላይ የተፈጸመ ወንጀል በቀረበበት መዝገብ ላይ አባትነት እንደ ማቅለያ ሲጻፍ ዓይኔ አያምንም። አባት መሆኑ ልጅ ምን እንደ ሆነች እንዲያውቅ ያደረገው ሰው፣ ያንን ዕውቀት ረግጦ ያጠፋ ሰው፣ ስለ አባትነቱ ሊከበድበት ሲገባ ይቀልለታል! ተበዳይዋስ የማን ቤተሰብ ናት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶችም ጭምር ልጆችን የሚመለከት እርምጃ በሚወስዱበት ጊዜ የልጆችን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዝዛል። የፌዴራሉ ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በአንድ የአሳዳጊነት ክርክር ይህንኑ አንቀጽ መሠረት አድርጎ የልጁን ጥቅም ከሁሉ አስቀድሟል። በፍትሐ ብሔር ችሎት ከሁሉ የሚቀድም ጥቅም፣ በወንጀል ይግባኝ ችሎት ከአጥፊው «የቤተሰብ ኃላፊነት» በኋላ ሊሰለፍ አይችልም።

እኔ የምሠራበት ሙያ አንድ ነገር አስተምሮኛል። በባንክ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያጸድቃል። አጽዳቂው ደንበኛውን አያየውም፤ የሚያየው ሰነድ ነው፤ ልክ እንደ ይግባኝ ዳኛ። ስለዚህም ሥልጣኑ ልክ አለው፤ ፊርማው ካልተመሳሰለ፣ ድምሩ ካልተጣጣመ፣ ደንብ ከተጣሰ ይመልሳል፤ ሲመልስም ምክንያቱን ጽፎ ይፈርምበታል። «እኔ ብሆን ይህን ሰው አላምነውም ነበር» ብሎ ሥራውን አይሽርም፤ ሰውየውን አላየውማ! ለአንድ ሺህ ብር ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚደረግ ከሆነ፣ ለአንዲት ልጅ ቃል ቢያንስ ይህን ያህል መጠየቅ ነውር አይደለም። የልጅቱን ምስክርነት ያየውና የሰማው ዳኛ ያመነውን፣ ያላየውና ያልሰማው ዳኛ «አላመንኩትም» ለማለት ሲነሣ፣ ብዕሩ ሊከብደው ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለኝ ጥቂት ነገር አለኝ። በአዲስ አበባ ለሕፃናት ምቹ በሆኑ ችሎቶች ልጆች ተከሳሹን ሳያዩ በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ እንዲናገሩ ይደረጋል። ቃሏ በምስል ከተቀረጸ፣ ቅጂው ከመዝገቡ ጋር ወደ ላይ ይውጣ፤ የበላዩ ዳኛ ከወረቀቱ ጋር ዝምታዋንም ይይ። ዐቃቤ ሕግ በቅጣት ማነስ ይግባኝ የማለት ፍላጎቱን የሚያስታውቅበት ጊዜ 15 ቀን ነው፤ ይህ ጊዜ በዝምታ ሲያልፍ የልጅቱ በር ይዘጋል፤ ስለዚህ ይግባኝ ላለማለት የወሰነ ዐቃቤ ሕግ ምክንያቱን ጽፎ ለተበዳይዋ ቤተሰብ ይንገር። በእንግሊዝ ከ1988 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለ ሕግ፣ ቅጣቱ እጅግ አነሰ የሚል ማንኛውም ሰው ጉዳዩ ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት እንዲመራ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ማመልከት ይችላል፤ የእኛዋ እናት ግን የቀጠሮውን ቀን እንኳ የምትሰማው ከጎረቤት ነው። ይግባኙ «ያስቀርባል» በተባለ ቀን ለተበዳይዋ ወላጅ አንዲት ወረቀት ትላክ። ይህ ገንዘብ የሚፈጅ ተሐድሶ አይደለም፤ ፖስታ ነው።

ለእኛ ለጻፊዎቹም ድርሻ አለን። ሕፃን በተገደለች ቁጥር ግጥም እንጽፋለን፤ ጥሩ። ይሁንና ስንቶቻችን ነን አንድ ፍርድ ከዳር እስከ ዳር ያነበብን? የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመው ይወጣሉ፤ ልብ ወለድ የምንገመግምበትን ዓይን አንድ ቀን እንኳ አላሳረፍንባቸውም። «ፈቅዳ ነበር» የሚለው ቃል ከዳኛ ብዕር የወጣው ከሰማይ ወርዶ አይደለም። ጠለፋን የፍቅር ጀብዱ አድርገን ስናንጎራጉር፣ የልጃገረድን ክብር በድንግልና ብቻ ስንለካ፣ ዝምታዋን እንደ እሺታ ስንቆጥር የኖርነው እኛ ነን። ዳኛው የእኛን ቋንቋ አንብቦ አደገ፤ በእኛው ቋንቋ ፈረደ። ቋንቋ ጠባቂ ነኝ የሚል ሁሉ ከዚህ ፍርድ ግማሹ በራሱ ላይ መሆኑን ይወቅ።

ያን ቀን እናትየው ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ሲወጡ፣ «ቢፈቅዱልኝ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ እንዲያው ዳኞቹ እናት እንዳላት እንዲያውቁ» አሉኝ። እስከ ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ምላሽ ለመስጠት አይደለም፤ ለመከራከር አይደለም፤ ከወረቀቱ ኋላ ሰው እንዳለ ለማሳየት ብቻ ያን ሁሉ መንገድ ሄዱ። በዚያ መስኮት ያለቀብኝን መልስ በእነዚህ ስንኞች ልዝጋ።

ቃሏ ወጣ እንጂ እሷ አልወጣችም፣
ችሎት ተሰይሞ ልጅ አልተጠራችም፤
ወረቀት ሲገለጥ ድምፅዋ ግን ተከድኖ፣
እንባዋ ደረቀ የቀለም ጠብ ሆኖ።
አንተ ከላይ ያለህ መዝገብ የምትገልጥ፣
ፊደሉን አትቁጠር ከሥሩም አዳምጥ፤
ብዕርህ ሲመዝን ሲያቀል ወይ ሲያከብድ፣
ልጅ ቆማለች ከደጅ ሳይነግሯት መንገድ።

ቸር ያሰማን።
ከቆሰበር